የጾም ማዕዳችንና ሴቶችን የሚያወፍረው የተሰወረ ሕመም

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንወጣ፥ ከኋላችን የሚመጡ ሁለት እናቶች ስለ አንዲት ወጣት ሴት ሲነጋገሩ ሰማን። «ጿሚ ናት ይሏታል፤ እንዲህ የሚያወፍር ጾም ግን እኛ አላየንም» አሉ አንደኛዋ። ሁለተኛዪቱም ፈገግ ብለው፥ «በስውር የምትበላውን እርሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ» ሲሉ መለሱ። ያችን ሴት እኛ እናውቃታለን፤ ጎረቤታችን ናት፤ ከቤቷም ገብተን ወጥተን የምናውቅ ስለ ሆንን በስውር የምትበላው ነገር እንደሌለ ልንመሰክርላት እንችላለን። እንዲህ ያለ ሐሜት የሚወራባቸው ሴቶች በየደብሩ ብዙዎች ናቸው፤ የሚበዙትም የሕመማቸውን ስም እንኳ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ የዚህን ወር የቤተሰብ ገጽ ለዚህ ጉዳይ ልንሰጠው ወደድን።

ይህች እኅታችን ከተዳረች ያን ጊዜ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በሠርጓ ዋዜማ 62 ኪሎ ትመዝን የነበረችው ሴት 81 ኪሎ ደርሳለች። የወር አበባዋ በሦስት ወር፥ አንዳንድ ጊዜም በአራት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ከአገጯ ሥር ጠንከር ያለ ጠጕር እየበቀለባት ማለዳ ማለዳ ማንም ሳያያት በወረንጦ ትነቅላለች፤ ልጅም አልወለደችም። አማቷ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ደግ ሰውም ሲጨነቅ ይናገራልና፥ «ልጄ፥ ሆድሽ ሁሉ ስብ ሆኖ ፅንስ በየት በኩል ይግባ?» ይሏት ነበር። እርሷም ይህን በሰማች ቍጥር ጾሟን ታጠብቃለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን እስከ ምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አደረሰችው። ክብደቷ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጸበል ተጠመቀች፤ ስእለት ተሳለች፤ በመጨረሻም ንስሐ አባቷ ራሳቸው፥ «ጸበሉን አትተዪ፤ ሐኪም ዘንድም ሂጂ» ብለው ላኳት። በግንቦት ወር ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሐኪሙም ደሟን አስመርምረው፥ በአልትራሳውንድም አይተው፥ ሕመሟ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባል መሆኑን ነገሯት።

ስሙ ለአፋችን ይከብዳል፤ ነገሩ ግን እንደ ስሙ የረቀቀ አይደለም። ኦቫሪ የሚባሉት በማሕፀን ግራና ቀኝ የሚገኙት፥ እንቍላል የሚያበስሉት ሁለት ዕጢዎች ናቸው። በጤናማ ሴት በየወሩ ከብዙ ጥቃቅን የእንቍላል ከረጢቶች አንዱ ይበስልና እንቍላሉ ይወጣል። በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ግን ከረጢቶቹ ማደግ ይጀምሩና ሳይበስሉ በመንገድ ይቀራሉ፤ በአልትራሳውንድ ሲታዩም ተደርድረው ይገኛሉ። ስሙ የወጣለት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን አሳሳች ስም ነው። ከረጢቶቹ ያልበሰሉ እንቍላሎች ማኅደር ናቸው እንጂ ተቀደው የሚወጡ ዕባጮች አይደሉም፤ ብዙ ሴቶችም ስሙን ብቻ ሰምተው ቀዶ ጥገና ይደረግብናል ብለው በከንቱ ይሸበራሉ። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሰባት ሴቶችን ሕመም መርምረው ከጻፉ ጀምሮ ለብዙ ዘመን በእነርሱ ስም ይጠራ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ እንደሚለው፥ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው። እንግዲህ ከአንድ ሰንበቴ ማኅበር ውስጥ ሁለት ሦስት ሴቶች አይታጡም ማለት ነው።

ለማዕድ ቤት የሚያስፈልገን እውቀት ግን ከኦቫሪው ይልቅ ከቆሽት ዘንድ ነው። እንጀራ፥ ዳቦ ወይም ድንች ስንበላ በሆዳችን ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽትም ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ትልካለች፤ ኢንሱሊኑም የሰውነት ሕዋሳት ደጃቸውን ከፍተው ስኳሩን እንዲቀበሉ ያዛል። በዚህ ሕመም ከተያዙት ሴቶች በብዙዎቹ ዘንድ ሕዋሳቱ ለትእዛዙ ጆሮአቸው ይደነቍራል፤ ቆሽትም እንደማይሰማ ሰው እንደምትጠራ እናት ድምጿን ከፍ እያደረገች ኢንሱሊኑን ታበዛዋለች። የበዛው ኢንሱሊን ስብ ይልቁንም በሆድ ዙሪያ እንዲከማች ያግዛል፤ ኦቫሪዎቹንም ከልክ ያለፈ የወንድ ሆርሞን እንዲሠሩ ያነሣሣል። የአገጩ ጠጕር፥ ብጉሩ፥ የእንቍላሉ አለመብሰል ከዚህ ይመጣል። ውፍረቱ ደግሞ በተራው ሕዋሳቱን ይበልጥ ያደነቍራቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለች ሴት መወፈር ይቀልላታል፤ መክሳት ግን ይከብዳታል። ሕመሙ ቀጫጭን ሴቶችንም እንደሚይዝ መዘንጋት አይገባም፤ እነርሱ ክብደት ቀንሱ አይባሉም፤ ስለ ምግቡ ዓይነት የምንናገረው ግን ለእነርሱም ይጠቅማል።

የነቢዩ ሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ አጥታ ስትኖር ጣውንቷ ታስቈጣት ነበር፤ ከኀዘኗም የተነሣ እህል አልቀምስም ትል ነበር። በቤተ እግዚአብሔር ቆማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከውጭ ያየውን ብቻ ይዞ ፈረደ እንጂ፤ ነገሩን በነገረችው ጊዜም መርቆ አሰናበታት። ከቅዳሴ መልስ የሰማናቸው ሁለት እናቶችም እንዲሁ ክፉዎች አይመስሉንም። ከላይ የጠቀስነው የሕክምና መመሪያ ሐኪሞች እንኳ ስለ ክብደት ሲናገሩ ሴቲቱን እንዳያሳፍሩ ያስጠነቅቃል፤ ኀዘንና ጭንቀት በእነዚህ ሴቶች ላይ ስለሚበዛም እርሱ ራሱ እንዲመረመር ያዛል። ሐኪም እንዲህ የሚጠነቀቅ ከሆነ አማትና ጎረቤት ምን ያህል ሊጠነቀቁ ይገባ ይሆን?

አሁን ወደ ደስ የሚያሰኘው ወሬ እንምጣ። ይህች ሴት ጥቅም ለማግኘት የግድ ወደ ሠርጓ ቀን ክብደት መመለስ የለባትም። ከክብደቷ ከመቶ አምስት እስከ ዐሥር እጅ ብትቀንስ በብዙዎች ላይ የወር አበባው መስተካከል ይጀምራል፤ እንቍላል መብሰሉም ሊመለስ ይችላል፤ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሥጋትም ይቃለላል። 81 ኪሎ ለሆነችው ጎረቤታችን ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግሯት አለቀሰች፤ ሃያ ኪሎ ቀንሺ ይሉኛል ብላ ነበርና።

በምን ዓይነት ምግብ ይቀነሳል ለሚለው ጥያቄ፥ ዛሬ በከተማው የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ እህል የተባለውን ሁሉ ትተሽ በሥጋ፥ በቅቤና በእንቍላል ኑሪ ይላል፤ ኪቶ የሚሉት ይህ ነው። ሌላው ሎሚ በሙቅ ውኃ ማለዳ ጠጪ ይላል። ሎሚ ሎሚ ነው፤ ስብ አያቀልጥም። ለመክሳት ተብለው የሚሸጡት ሻዮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውኃ ነው፤ በማግስቱም ተመልሶ ይገባል። የ2023ቱ መመሪያ ግን በዚህ ነገር የተናገረው ግልጥ ነው፤ ለዚህ ሕመም ከሌላው የሚበልጥ አንድ የተለየ የአመጋገብ ዓይነት አልተገኘም፤ ማናቸውም ጤናማና ሴቲቱ ለረጅም ጊዜ ልትጸናበት የምትችል አመጋገብ ይሆናል። ይህ ቃል ለኦርቶዶክሳዊት ሴት ታላቅ ዕረፍት ነው። በዓመት 180 ቀን ያህል ከጥሉላት የምትጾም ሴት በሥጋና በቅቤ ኑሪ ብትባል ከጾሟና ከጤናዋ አንዱን መምረጥ ግድ ሊሆንባት ነው፤ ለካ የሚያስመርጣት ነገር የለም።

ይህም ሲባል ማንኛውም የጾም ምግብ ያከሳል ማለት አይደለም። እውነቱን እንነጋገር፤ የዛሬው የከተማ የጾም ማዕድ የእናቶቻችን የጾም ማዕድ አይደለም። ጎረቤታችን በዚያ ጾም ምሽት ስትገድፍ የምትበላውን ሐኪሙ አንድ በአንድ ቈጠሩላት። ቀኑን ሙሉ ተርባ ስለምትውል አስቀድማ ሁለት ሳምቡሳ ከሻይ ጋራ ትበላለች፤ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው። ቀጥሎ በዘይት የተጠበሰ ድንች ወይም መኰረኒ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በላዩ የተንሳፈፈበት ሽሮ ሁለት እንጀራ ላይ ፈስሶ ይቀርባል። ማታ ቡና ሲፈላ የጾም ኬክ አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቅቤም ሥጋም የለም፤ ሥርዐቱ አልተጣሰም፤ ነገር ግን አብዛኛው ነጭ ዱቄት፥ ዘይትና ስኳር ነው። ይህም ቆሽትን ከሁሉ የበለጠ የሚያስጮኽ ነው። ረኃቧን ባስረዘመች መጠን ደግሞ ስትገድፍ አብዝታና ፈጥና ትበላ ነበር፤ ስለዚህ ጾሙን ማጥበቋ ለክብደቷ ምንም አልፈየደላትም።

ሐኪሙም ከውጭ አገር የሚመጣ ምግብ አላዘዙላትም። ያዘዙላት በየቤታችን ጓዳ ያለውን ነው። ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላና አተር ስኳራቸውን ወደ ደም የሚለቁት ቀስ ብለው ነው፤ ፕሮቲንም አላቸው፤ አሰር የሚባለው፥ በሆድ የማይፈጨው የእህል ክፍልም በውስጣቸው ይበዛል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል አሰር አለው። አሰሩ ሆድን ያጠግባል፤ ስኳሩንም ያዘገየዋል። ስለዚህ አገዳደፏ በአዚፋ ይጀምራል፤ ቀዝቃዛ ድፍን ምስር በሰናፍጭና በሎሚ፥ ቃሪያና ሽንኵርት ተከትፎበት። አንዳንድ ቀን የሽምብራ ንፍሮ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን ሥልጆ ከቃሪያ ጋራ። ቀጥሎ ጎመን ወይም ቆስጣ፥ ፎሶሊያ፥ የቲማቲም ሰላጣ በብዛት ይቀርባል። እንጀራው ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፤ ቈይቶም ሦስት ሩብ። ጤፉ ሩዝ ያልተቀላቀለበት እንዲሆንም መከሯት። ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ እህል ነውና ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ በዛሬው የጤፍ ዋጋ ይህን መናገር ለአፍ ይቀልላል እንጂ ለኪስ ይከብዳል፤ ይህንንም እናውቃለን። የማይቻል ከሆነ ገብስ ወይም ማሽላ መቀላቀል ሩዝ ከመቀላቀል ይሻላል።

ስለ ዘይት ትንሽ ቈም እንበል፤ በጾም ቤታችን ውስጥ ሳይታይ የሚያልፈው እርሱ ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። ካሎሪ የምግብን ኃይል የምንለካበት ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ክብደት መቀነስ ለሚገባት ሴት ከዕለት ምግቧ ከ500 እስከ 750 ካሎሪ እንድትቀንስ ያመለክታል። ብዙዎቻችን ወጥ ስንሠራ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ እናንቈረቍራለን እንጂ አንለካም። ጎረቤታችን ሽንኵርቱን ያለ ዘይት በውኃ እያቍላላች፥ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ለክታ መጨመር ጀመረች፤ በዚህም ለእርሷ የሚደርሳት ዘይት በቀን በሁለት ማንኪያ ቀነሰ፤ ይህ ብቻውን 240 ካሎሪ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ከሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋራ ትጠጣ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ማንኪያ ማለት ነው፤ አንዱ ማንኪያ 16 ካሎሪ ያህል ስለ ሆነ በጠቅላላው 190 ካሎሪ ይደርሳል። ስኳሩን ቀስ በቀስ ቀንሳ ተወችው፤ በቍርንፉድና በቀረፋ ብቻ ትጠጣለች። ሳምቡሳውና ኬኩ ገና ሳይቈጠሩ ከ400 በላይ ሄደ። አንድም ጊዜ ተርባ ወደ መኝታዋ አልገባችም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ማንኪያው አይደለም፤ መሶቡ ነው። እኛ ለየብቻችን በሳህን የምንበላ ሕዝብ አይደለንም። ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ ጉርሻም አለ፤ ጉርሻ እንቢ ማለት ደግሞ ሰውን እንቢ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ባሏ አዝኖላት፥ «ለእርሷ ለብቻዋ ይቅረብላት» ብሎ ነበር። ለአንድ ሳምንት በተለየ ሳህን በላች፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ተወገዘ ሰው መሰለኝ ብላ ተወችው። ነገሩን የፈቱት አማቷ ናቸው። የትሪውን አቀማመጥ ለወጡት፤ ጎመኑን፥ አዚፋውንና ሰላጣውን ከመካከል በብዛት አደረጉ፤ ወጡን በየዳር በትንሽ በትንሹ፤ እንጀራውንም ቈርጠው ጠቅልለው በልክ አቀረቡ። ሲያጐርሷትም ጎመን ያጐርሷት ጀመር። ባልየውም ሳይጠየቅ ሦስት ኪሎ ቀነሰ፤ እርሱ ግን የቀነሰው በሥራ ብዛት ነው ይላል። ከአንዲት ሴት ሕመም የተነሣ የቤቱ ሁሉ ማዕድ ቢስተካከል ከዚህ የተሻለ መንገድ አናውቅም፤ ለብቻዋ ተለይታ የምትበላ ሴት ግን ብዙ አትጸናም።

ከጾሙ ወራት ይልቅ የሚያሠጋው ፍስኩ ነው። የቅበላ ሰሞን አለ፤ ፋሲካ አለ፤ ከፋሲካም በኋላ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምባቸው ሃምሳ ቀናት ይከተላሉ። በሁለት ወር የተቀነሰው በእነዚህ ቀናት ተመልሶ ይመጣል። በፍስክ ቀን እንቍላል፥ እርጎና ስብ የሌለው ሥጋ ለዚህች ሴት መልካም ምግቦች ናቸው፤ ዶሮ ወጡንም አትብላ አንልም፤ ነገር ግን የጾሙ ጎመንና ምስር በፍስክ ቀንም ከትሪው እንዳይጠፉ እንመክራለን። በብዙ ቤት ጥሉላቱ ሲገባ አትክልቱ ይወጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን ለማሳሰብ እንወዳለን። ለዚህ ሕመም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን ያዝዛሉ፤ ሰውነት ኢንሱሊኑን እንዲሰማ ይረዳል። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ 12 ሊያሳንስ ይችላል። ይኸው ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከጥሉላት ምግብ ነው፤ በምስርም በጎመንም የለም። እንግዲህ ሜትፎርሚን እየወሰደች የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ሁሉ የምትጾም ሴት ከሁለት ወገን ትጎዳለች፤ ምልክቱም ድካም፥ የእጅና የእግር መደንዘዝ፥ የደም ማነስ ነው። ይህንም ብዙዎች የጾም ድካም ነው ብለው ያልፉታል። ለሐኪማችሁ ጿሚ መሆናችሁን ንገሩ፤ ደማችሁንም ያስመርምሩላችሁ፤ ጕድለቱ በኪኒን ወይም በመርፌ የሚሞላ ቀላል ነገር ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ስለሚያቅለሸልሽ ከምግብ ጋራ ይወሰዳል፤ በጾም ቀን መቼ እንደሚወሰድ ከሐኪም ጋራ መወሰን ይገባል እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ከሜትፎርሚን ሌላ የደም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስድ ሴትማ ሐኪሟን ሳትጠይቅ ረጅም ሰዓት መጾም፥ ይልቁንም አክፍሎት መያዝ የለባትም። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕመምተኛ፥ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የምትራራ ናት፤ መንገዱም በንስሐ አባት በኩል ነው። ጎረቤታችንን ንስሐ አባቷ እስከ ምሽት ያደረሰችውን ጾም ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንድትመልሰው አዘዟት። ጾም ለመክሳት አልተሠራም፤ ውፍረትን ለመቅጣት ሲባል የሚጨመር ሰዓትም ከጾም አይቈጠርም ብለዋታል። እኛም በዚህ ቃል እንስማማለን።

ምግቡ ያለ እንቅስቃሴ ግማሽ ሥራ ነው። መመሪያው ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉት በሳምንት 250 ደቂቃ ያህል ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያዝዛል። በታክሲ የሚኬድበትን ቤተ ክርስቲያን በእግር ኪዳን ለመድረስ ማለዳ መሄድ፥ ከዚያም ወደ ገበያ በእግር መውረድ፥ ይህን ያህል ደቂቃ ለመሙላት አያዳግትም። በደብራችን አጠገብ ዳገት ላለብን ደግሞ ከዚህም ይቀልላል፤ ወይም ይከብዳል፤ እንደ ጕልበቱ ነው።

በመርፌ ስለሚወሰዱት አዳዲስ የማክሻ መድኃኒቶች የሚጠይቁን አሉ። ክብደት ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ልጅ ለመፀነስ በምትሞክር ሴት አይወሰዱም፤ ሴማግሉታይድ የተባለውም ከመፀነስ በፊት ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ስለዚህ ያለ ሐኪም ከሰው እጅ ገዝቶ መወጋት አደገኛ ነው። ክብደቷ የቀነሰ ሴት የወር አበባዋ ገና ሳይስተካከል እንኳ ልትፀንስ እንደምትችልም ትወቅ፤ ብዙዎች መካን ነኝ ብለው ተቀምጠው ሳያስቡት ፀንሰዋል። የወር አበባዋ ከ90 ቀን በላይ የሚዘገይባት ሴት ደግሞ ልጅ ትፈልግ አትፈልግ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ የማሕፀን ግድግዳ ሳይታጠብ ለረጅም ጊዜ ሲወፍር ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላልና። ይህ በመድኃኒት የሚከላከሉት ነገር ነው። ያላገቡ ልጃገረዶች እናቶቻቸው አፍረው እያዘገዩባቸው መሆኑን ሐኪሞች በየጊዜው ይናገራሉ፤ በጸሎት ቤታችሁ ልጃችሁን እንደምታስቡ፥ የወር አበባዋንም ቀን አስቡላት።

ጎረቤታችን በሐዋርያት ጾም ጀምራ፥ ፍልሰታን አልፋ፥ የነቢያት ጾም እኩሌታ ላይ ስትደርስ 75 ኪሎ ሆነች። ስድስት ኪሎ ለመቀነስ ሰባት ወር ፈጀባት፤ በመስከረም ወር እንዲያውም አንድ ኪሎ ጨምራ ነበር። የአገጯ ጠጕር አልጠፋም፤ ከሕመሙ ምልክቶች ለመለወጥ የሚዘገየው እርሱ እንደ ሆነ ሐኪሙ ነግረዋታል። ልጅ ገና አልፀነሰችም። የወር አበባዋ ግን አሁን በአርባ ቀን ገደማ ይመጣል፤ እርሷም በመጣ ቍጥር ቀኑንና ወሩን፥ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑን፥ ክብደቷንም በአንዲት ትንሽ ደብተር ትጽፋለች። ወደ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ እኅቶች እንዲህ ያለ ደብተር ብትይዙ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኖች፥ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች፥ በቤተሰባችሁ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መኖሩ፥ የምትጾሟቸው አጽዋማትና የምትገድፉበት ሰዓት ይጻፍበት። ያችን ደብተር ለጎረቤታችን የገዙላት አማቷ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድም ባለፈው ጊዜ አብረዋት ሄደው ከውጭ ተቀምጠው ጠበቋት።